«በርቱ» ቀብድ አይደለም

ባለፈው ዓመት ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ሁለት ወጣቶች የሠሩትን አፕ አሳዩኝ። አትክልት ከቅዳሜ ገበያ ገዝቶ ቤት ድረስ ለማድረስ ነው። ስድስት ወር ለፍተውበታል። ያምራል። «ሰው ምን አለ?» አልኳቸው። «ሁሉም ወዶታል» አሉኝ። እናት፣ አክስት፣ ጓደኛ፣ የሰፈር ሰው፣ ያልመረቃቸው የለም። እኔም «በርቱ» ብዬ ሸኘኋቸው። ያቺ ቃል እስካሁን ትቆጨኛለች።

አፑ ሲከፈት ያዘዙት አብዛኞቹ ዘመዶቻቸው ነበሩ። በሁለተኛው ወር እነሱም ተዉት።

ጎንደር ውስጥ «ሐሳቤን እንዴት አያችሁት?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው። ማን ፊት ለፊት «አይረባም» ይላችኋል? ይሉኝታ አለ። የሚጥር ልጅን ሞራል መንካት ነውር ነው። ደግ ባህል ነው፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ግን ገንዘብና ዕድሜ የሚፈስበት ሥራ በይሉኝታ ላይ አይቆምም።

ስለዚህ ስለ ሐሳባችሁ አትጠይቁ። ስለ ሰዎቹ ኑሮ ጠይቁ። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ከየት ገዛችሁ? ማን ሄደ? ምኑ አስቸገረ? ሰው ትናንት ስላደረገው ነገር ሲጠየቅ የሆነውን ይናገራል። «ወደፊት እገዛችኋለሁ» ማለት ግን ምንም አያስከፍልም።

ልጆቹ ይህን ያደረጉት ከወደቁ በኋላ ነው። ሁለት ቅዳሜ ገበያው ውስጥ ዋሉ። ሴቶቹ ቲማቲሙን በእጃቸው ሳይነኩ አይገዙም። የለመዷት ነጋዴ አለቻቸው። ሲያጥራቸው በዱቤ ትሰጣለች፣ ሲገዙ ትመርቅላቸዋለች። ገበያ መውጣት ደግሞ ለብዙዎቹ ከሰው መገናኛ ነው። ልጆቹ ሊያቃልሉላቸው የፈለጉት ድካም ሴቶቹ የሚወዱት ነገር ነበር! ይህን ለማወቅ አንድ መስመር ኮድ መጻፍ አያስፈልግም ነበር።

እዚያው ሌላ ነገር ሰሙ። ትንንሽ ምግብ ቤት ያላቸው ሰዎች በየማለዳው ሠራተኛ በባጃጅ ይልካሉ። ሠራተኛው ከዘገየ ምሳው ይዘገያል። ይህን ምሬት ሳይጠየቁ ነው ያወጡት።

እነሱስ ለይሉኝታ «ጥሩ ነው» ቢሉ? ለዚህ ቀብድ አለልን። «እትዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ እናመጣለን፣ የሦስት ቀኑን ዛሬ በቴሌብር ይላኩልን» በሉ። የሚልክ ሰው ደንበኛ ነው። «እስቲ እናያለን» ያለም መልሱን ሰጥቷችኋል።

አፕ መጠበቅም አያስፈልግም። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዛፖስ የሚባለውን የጫማ መሸጫ ድረ ገጽ የጀመረው ኒክ ስዊንመርን በመጋዘን ጫማ አላከማቸም። ጫማ ቤት ገብቶ ፎቶ አነሳ፣ ድረ ገጽ ላይ ለጠፈ። ሰው ሲያዝ ተመልሶ ሄዶ ከዚያው ሱቅ እየገዛ ላከ። ትርፍ አልፈለገበትም። ሰው እግሩ ላይ ሳይለካ ጫማ ይገዛ እንደሆነ ማወቅ ነበር የፈለገው። በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን ድርጅቱን ገዛው። ለእኛ ስልክና የቴሌግራም ቻናል ይበቃናል።

ይህ የፈረንጅ ዘዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲያችን የጤና ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ፣ ቤት ለቤት ችግሩን እንዲጠይቁ ሲያደርግ ኖሯል። የስታርታፕ (የጀማሪ ንግድ) ውድድሮቻችን ግን የሚመዝኑት ስላይድ ነው። «ስንት ሰው አነጋገርክ? ስንቱ ከፈለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የሚባክነው የልጆቻችን ዕድሜ ነው።

ሁለቱ ወጣቶች ዛሬ በስልክ ትዕዛዝ እየተቀበሉ ለአራት ምግብ ቤቶች አትክልት ያደርሳሉ። አፑ እንደተዘጋ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዷ ባለቤት እንቁላልም ያመጡላቸው እንደሆነ ጠየቋቸው። ልጆቹ ገና ዋጋ ሳይነግሯቸው «ብሩን አሁኑኑ ልላክ?» አሏቸው።