ለሌላ ሰው የሚያነብ ይባረክ

ጎጃም ሲነሣ ቅኔው ይወራል፣ ማሩ ይወራል፣ ጤፉ ይወራል። ስለ አንባቢው ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ግፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ እኔ ላመሰግነው ተነሥቻለሁ። መንፈሳዊ መጽሐፍ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ አንዲት ቃል እንኳ ለራሱ ሳያስቀር ሁሉን ለሰው የሚያድለውን ያንን ቸር አንባቢ። በረከቱ ይደርብንና!

ሁዳዴ ሲገባ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆም ብላችሁ እዩ። ከጧፉና ከሥዕሉ ጎን መጻሕፍት ሸራ ላይ ተደርድረዋል። ስለ ንስሐ፣ ስለ ትሕትና፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አንደበት። አንዲት እናት ስለ አንደበት የተጻፈውን አነሡ። ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ስንት ነው ልጄ?»

ዋጋው ተነገራቸው። «ውይ! ወረቀት ነው ወርቅ?» ብለው ከሸራው ላይ መለሱት። ነጠላቸውን አስተካክለው ትንሽ ራቅ እንዳሉ ቆም አሉ። ተመለሱ።

«ስጠኝ እስቲ። ምራቴ ይህን ካላነበበች ማን ያነበዋል?»

ተመልከቱልኝ። ለራሳቸው ሲሆን ተወደደባቸው። ለምራታቸው ሲሆን ሳይከራከሩ ከፈሉ። ከዚህ በላይ ፍቅር ምን አለ?

ይህ ጥበብ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ አገሩ ያግዛል። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ነው። የቅኔ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ ከመንደር ውሻ ጋር ታግሎ፣ ሌሊት እንቅልፉን አጥቶ፣ ስንት ዓመት ለፍቶ ነው ሰሙን ከወርቁ የሚለየው። የኛ አንባቢ የኔታ አላስፈለገውም። ሰሙ መጽሐፉ ነው። ወርቁ ጎረቤቱ ነው። «ትዕቢተኛ ሰው ምክር አይሰማም» የሚል ሲያገኝ ሰሙን ገፈፍ አድርጎ ወርቁን ያወጣል፤ ወርቁ ያ ወፍጮ ቤት ከከፈተ ወዲህ ሰላምታ የቀነሰው ሰውዬ ነው። ገጹ ሳይገለበጥ ቅኔው ተፈታ!

የጥንት ሰዎች ይህ አልገባቸውም ነበር። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን ጃንደረባ አስታውሱት። የንግሥት ህንደኬ ባለሟል፣ የገንዘቧ ሁሉ ሹም። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበትና የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ያ ሁሉ ሹመት እያለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ሹም ሆኖ አልገባኝም ማለት! ይባስ ብሎ ደግሞ ጠየቀ፦ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው?

እንግዲህ ይኼም ጥያቄ ሆነና! ስለ ሌላ ሰው ነዋ! የኛ አንባቢ ቢሆን ስሙን፣ ሰፈሩንና የአባቱን ስም ጨምሮ ለፊልጶስ ይነግረው ነበር። ጃንደረባው ላይ ግን አልፈርድም። የጋዛ መንገድ ምድረ በዳ ነው፤ ጎረቤት በሌለበት መጽሐፍ ማንበብ ከባድ ነው።

አባ እንጦንስም ያው ናቸው። ገና ወጣት ሳሉ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ወንጌል እየተነበበ ደረሱ። ማቴዎስ 19 ላይ ያለው ነው፤ ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ የሚለው። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ እያለ እሳቸው «ለእኔ ነው» ብለው ወጡ። ከወላጆቻቸው የወረሱትን መሬት ለመንደራቸው ሰው ሰጡ፤ ዕቃውን ሸጠው ለድሃ በተኑ። አይ የዋህነት! በእኛ ዘንድ ይህ ቃል ትክክለኛ ቦታውን አግኝቷል። በውርስ መሬት የተካሰሰ ሰው ለወንድሙ በቴሌግራም ይልክለታል። ከሥሩ የጸሎት እጆች ይጨምርበታል። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይገናኛሉ።

መጽሐፈ መነኮሳት ከሚባሉት ሦስቱ አንዱ ማር ይስሐቅ ነው። እዚያ ውስጥ ኃጢአቱን ያወቀ ሰው ሙት ከሚያስነሣ ይበልጣል የሚል አሳብ አለ። መቼም ሁለቱም አድካሚ ሥራ ነው። አባታችን ማር ይስሐቅ በበረሃ ስለኖሩ ነው እንጂ ቀለል ያለ ሦስተኛ መንገድ ነበር፦ የሌላውን ኃጢአት ማወቅ። ጾም አይጠይቅ፣ ስግደት አይጠይቅ። በር ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ይበቃል።

ደግሞ ይህ የአንድ ወገን ጸጋ አይምሰላችሁ። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም እኩል ታድሎታል። በብዙ ነገር ተለያይተናል፤ እዚህ ላይ ግን አንድ ነን። አዳራሹ ውስጥ ሰባኪው «አንዳንድ ሰው አለ» ብሎ ሲጀምር የስንቱ ክርን የስንቱን ጎን እንደሚነካ እዩ። «አንዳንድ ሰው» የተባለው ሁልጊዜ አጠገባችን ያለው ነው።

በተለይ የትዳር መጽሐፍ! አንድ ቅጂ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ቁጠባ ነው። ባል «ሚስቶች ሆይ፣ ለባሎቻችሁ ተገዙ» እስከሚለው ኤፌሶን 5 ቁጥር 22 ድረስ ያነብና መጽሐፉን ይዘጋል። ሚስት «ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁን ውደዱ» ከሚለው ከቁጥር 25 ትጀምራለች። ባል በሰማያዊ ያሰምራል፣ ሚስት በቀይ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ማለፊያው ዘዴ እንደ ዘበት ገልጦ ትቶ መሄድ ነው። ከቁጥር 22 በፊት ያለችውን፣ ሁለቱን እርስ በርሳችሁ ተገዙ የምትለውን ቁጥር 21 ግን ማንም አላሰመረባትም። ለማን እንደምትላክ ስላልታወቀ ይሆናል።

ሰሞኑን ከአንድ ጎረቤቴ ስለ ትሕትና የተጻፈ መጽሐፍ ተውሼ ነበር። ምን አይነት ንጹሕ አንባቢ መሰሏችሁ! ዳር ዳሩ በእስክሪፕቶ ተሞልቷል። ስለ ምቀኝነት የሚለው ጋ «አክስቴ!!»። ስለ ውዳሴ ከንቱ የሚለው ጋ «የዕድራችን ጸሐፊ፣ ቁርጥ እሱ»። መግቢያው ላይ ደራሲው «አንባቢ ሆይ፣ ራስህን መርምር» ያሉበት ግን ንጹሕ ነው፤ እስክሪፕቶ አልነካውም። ጎረቤቴ መግቢያ አያነብም መሰለኝ።

ከመካከል ገደማ ስደርስ አንድ ምዕራፍ አገኘሁ። ሰውን በነገር መውጋትና በሰው ነውር መሳቅ ይላል። ርእሱ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ዳሩ ላይ በትልቁ «ደ.» ተብሎ ተጽፏል።

የኔ ስም በደ ነው የሚጀምረው።

ላብ ላብ አለኝ። ምዕራፉን እንደገና አነበብኩት። ቀስ ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። የታናሽ ወንድሜም ስም በደ ነው የሚጀምረው! ልጁ ደግሞ ከድሮም ነገረኛ ነው። ጎረቤቴ አስተውሎቱ እንዴት ያለ ነው ብዬ አደነቅሁ። ገጹን በስልኬ አነሣሁና ላክሁለት። ማታ ደወልኩ።

«አነበብከው?»

«አንብቤዋለሁ ጋሼ። እንዴት ያለ ትምህርት ነው! ቁጭ ባለቤቴን። አሁን ለእሷ እየላክሁላት ነው።»