ካናዳ ተማሪውን ከማን ነው የምትጠብቀው?

ካናዳ የውጭ ተማሪ ከትምህርት ክፍያውና ከጉዞ ወጪው ሌላ ለኑሮው ብሎ እንዲያሳይ የምትጠይቀውን ገንዘብ እንደገና ከፍ አድርጋለች። እ.ኤ.አ. እስከ 2023 መጨረሻ 10 ሺህ የካናዳ ዶላር የነበረው በጃንዋሪ 2024 በአንድ ጊዜ 20,635 ሆነ፤ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ 22,895። ወደፊትም በየዓመቱ እንደሚከለስ ተነግሮናል። ቁጥሩ ራሱ የሚያስደነግጥ ነው፤ እኔን ያንገበገበኝ ግን የተሰጠው ምክንያት ነው። ተማሪው እዚያ ደርሶ እንዳይቸገር፣ ለብዝበዛም እንዳይጋለጥ ታስቦ ነው ይሉናል። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለእርሱ አዝነው ነው ማለት ነው። ልጅን ከደጅ መልሶ ለራሱ ጥቅም ነው ማለት ግን በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው።

ለመሆኑ ጥበቃው ከማን ነው? የውጭ ተማሪን ኪስ የሚያራቁተው የቤት ኪራይና የዳቦ ዋጋ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሚያራቁተው የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024/25 የትምህርት ዘመን በካናዳ አንድ የአገሬው ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ በአማካይ በዓመት 7 ሺህ ዶላር ገደማ ሲከፍል የውጭው 40 ሺህ ያህል ይከፍላል። ያው ክፍል፣ ያው መምህር፣ ያው ፈተና። የኦንታሪዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 የነዋሪዎቹን ልጆች ክፍያ በ10 በመቶ ቀንሶ ባለበት እንዲቆም ሲያደርግ፣ የጎደለውን ማን እንደሚሞላው ተቋማቱ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የግዛቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በመንግሥት ኮሌጆች ውስጥ የውጭ ተማሪዎች ከጠቅላላው ተማሪ 30 በመቶ ሆነው ሳለ ከትምህርት ክፍያ ገቢው 68 በመቶውን እንደሚሸፍኑ አሳይቷል። ኮሌጆቹን የተሸከሙት እነዚህ ልጆች ናቸው። ዛሬ ለኑሯቸው እናስባለን የሚሉ ባለሥልጣናት ይህ ሁሉ ገንዘብ ሲሰበሰብ የት ነበሩ?

አሥር ሺው ዶላር ጊዜ ያለፈበት መሆኑን አልክድም። ለሃያ ዓመት ያህል ሳይነካ ቆይቷል፤ በቶሮንቶ በዚያ ገንዘብ ዓመት የሚዘልቅ ሰው የለም። ነገር ግን ኮሌጆቹ ገንዘብ ሲያስፈልጋቸው፣ የተማሪ ፈቃድ ያላቸው የውጭ ዜጎች ቁጥርም በ2023 ከአንድ ሚሊዮን ሲያልፍ፣ ያ አሮጌ ቁጥር ማንንም አላሳሰበም ነበር። የኪራይ ዋጋ ጣሪያ ነክቶ መራጩ ሲያጉረመርም ነው በድንገት የታወሳቸው። መስፈርቱ በእጥፍ ያደገበት ወርና ለተማሪዎች ፈቃድ ኮታ የታወጀበት ወር አንድ ነው። ከዚያ ደግሞ ተማሪው በትምህርት ወቅት ከግቢ ውጭ በሳምንት ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተደረገ። ችግሩን ለማቃለል የተነሳ መንግሥት ሠርቶ የመብላቱን መንገድ አያጠብበትም። ቁጥር መቀነስ ፈልገው ከሆነ በግልጽ ይበሉት፤ አንድ አገር ስንት ሰው እንደሚቀበል የመወሰን መብት አለው። በተማሪው ችግር ግን አያሳብቡ።

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ካናዳ ለኑሮ ብቻ አሳዩ የምትለው ገንዘብ ከሁለት ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ አዲስ የዲግሪ ምሩቅ በወር 11,500 ብር ያገኛል። ይህ ሰው ሳይበላ፣ ሳይለብስ፣ ግብር ሳይከፍል ቢያጠራቅም ሁለት ሚሊዮን ለመድረስ ከ14 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍያ ገና አልተነካም። ብሩ ቢሟላ እንኳ ዶላሩን ከባንክ ማግኘት ሌላ ደጅ መጥናት አለው።

ከገንዘቡ ብዛት በላይ የሚያበሳጨኝ ግን ገንዘብ እንዲቀመጥ የሚፈልጉበት ቦታ ነው። አቅም ማለት በአንድ ሰው ስም፣ በአንድ ባንክ፣ ለወራት ሳይነካ የተኛ ገንዘብ ነው ብለው ደምድመዋል። የአራት ወር የባንክ ስቴትመንት አምጣ ይላሉ። የእኛ ሰው ሀብት እዚያ ወረቀት ላይ አይገኝም። የገበሬው ሀብት መሬቱ ነው፤ መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የማይሸጥ የማይለወጥ ስለሆነ ስቴትመንት ላይ ዋጋ የለውም። የነጋዴው ገንዘብ መደብሩ ውስጥ በዕቃ ተቀምጧል። የደመወዝተኛው ደግሞ ዕቁብ ውስጥ ነው። ለዓመታት ሳያጓድል በየሳምንቱ ዕቁቡን የጣለ ሰው ቃሉንና ኪሱን አስመስክሯል፤ የቪዛ ሠራተኛው ግን ይህን ሰው ባዶ እጁን እንዳለ ይቆጥረዋል።

አንድ ልጅ የቅበላ ደብዳቤ ሲመጣለት የሚሆነውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እሑድ ከሰዓት ዘመድ ይሰበሰባል። አንዱ አጎት መስመር ያለው ደብተር ይዞ ስም በግራ፣ የገንዘብ መጠን በቀኝ ይጽፋል። መርካቶ የምትነግደው አክስት ይህን ያህል፣ ሪያድ የምትሠራው እህት ይህን ያህል፣ የክርስትና አባቱ ይህን ያህል። ዕቁብተኛው ዕጣውን ተለምኖ ያስቀድማል፤ ገጠር ያሉት አያት በሬ ይሸጣሉ። ገንዘቡም በአባትየው ሒሳብ ይገባል። አሁን ስቴትመንቱን በቪዛ ሠራተኛው ዓይን እንየው። ለዓመታት ደመወዝ ብቻ ሲገባበትና ሲወጣበት የኖረ ሒሳብ በሁለት ወር ውስጥ ከተለያዩ ሰዎች በተላከ ገንዘብ ያብጣል። ለእኛ ይህ የዘመድ ፍቅር ነው፤ ለእርሱ ግን ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ከአንድ ኤምባሲ የተመለሰችው በዚህ ነው። ለማስተርስ ተቀባይነት ያገኘች፣ በውጤቷ የማትታማ ልጅ ናት። አባቷ ደብዳቤውን አሳዩኝ፤ የገንዘቡ ምንጭ አሳማኝ አይደለም ይላል። ምንጩ ግን ያ ደብተር ነበር፤ ሰው ሁሉ ከነስሙ የተጻፈበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያለ ያደገን ሕዝብ ሎሚውን በሙሉ ለአንድ ሰው አሸክመህ አምጣ ይሉታል።

በዚህ ወንፊት ማን እንደሚያልፍ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አንደኛ፣ ገንዘቡ በባንክ ተኝቶ የሚኖርለት ሰው፤ የእርሱ ልጅ ያለ ካናዳም ይማራል። ሁለተኛ፣ ሒሳቡን አሳምሮ ለማሳየት በወለድ የተበደረ ሰው። ቪዛው ሲመታ ገንዘቡ ወደ አበዳሪው ይመለሳል፤ ተማሪው ቶሮንቶ የሚደርሰው ባዶ ኪሱን ነው፣ ላዩ ላይም ዕዳ ተጭኖበት። ከችግር ሊጠብቁት የነበረው ልጅ ይህ ነው። ደብተሩን ይዞ እውነቱን የተናገረው ወድቆ ገንዘብ የተከራየው የሚያልፍበት መስፈርት ተማሪ ይጠብቃል ብሎ ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም።

የቪዛ ሠራተኛው ዕቁብን በምን ይመዝነው የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። ካናዳ ግን የብዙ ሰው ዋስትናን መመዘን ታውቅበታለች፤ ለዓለም ያስተማረችው እርሷ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በግል ስፖንሰርነት አሠራሯ አምስት ነዋሪዎች ተሰባስበው አቅማቸውን በጋራ እያሳዩ ስደተኛ አስመጥተዋል። በዚህ መንገድ የገቡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በቶሮንቶም በካልጋሪም አሉ። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ለአምስት ሰው ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበል ቢቆምም፣ አሠራሩ፣ ቅጹና ልምዱ በእጃቸው ነው። አምስት ሰው ተፈራርሞ የአንድ ሙሉ ቤተሰብን ዓመት መሸፈን ይችላል ብላ ያመነች አገር፣ አምስት ዘመድ ለአንድ ተማሪ ሲፈርም ለማመን የሚያዳግታት ለምንድን ነው?

ጀርመንን ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። እርሷም 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስገባ ትላለች፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ በየወሩ ለተማሪው ለራሱ ይመለሳል፣ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ስለዚህ ለኑሮው አስቤ ነው ብትል የሚያምናት ታገኛለች። በአንድ እጅ አርባ ሺህ እየተቀበሉ በሌላው ስለ ተማሪው ችግር መጨነቅ ግን አይሆንም።

ካናዳ ተማሪውን ከልቧ መጠበቅ ከፈለገች ሥራው ከቢሮዋ አይርቅም። የፌዴራሉ መንግሥት የውጭ ተማሪ እንዲቀበሉ ለሚፈቀድላቸው ተቋማት ሁሉ አንድ ግዴታ ያስቀምጥ፤ ተማሪው ሲገባ የተነገረው ክፍያ እስኪመረቅ ድረስ አይነካም ይበል። በሁለተኛው ዓመት ክፍያ ሲጨመርበት መመለሻም መቀጠያም ለሚያጣው ልጅ ከየትኛውም ስቴትመንት የሚበልጥ ዋስትና ይህ ነው። የዘመድ የጋራ ዋስትናም ለስደተኛ በተፈቀደው ልክ ለተማሪ ይፈቀድ። እነዚህ ሁለቱ ተደርገው ሲያበቁ 22,895 ስለሚለው ቁጥር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።