ከጋርላንድ እስከ ቦሌ፦ መሰረቱ እየተቆፈረ ውስጡ መኖር

ዳላስና አካባቢዋ ቤት ለመግዛት የተነሳ አበሻ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሰፈሩ ወይም ስለ ትምህርት ቤቱ አይደለም። "ፋውንዴሽኑን አስመርምረሃል?" ይባላል። ነገሩ ለአዲስ ሰው ግር ይላል። አሜሪካ ውስጥ፣ ያውም ሲያዩት ያማረ የጡብ ቤት፣ መሰረቱ ያስጨንቃል ብሎ ማን ያስባል? እኔ የምኖረው ቴክሳስ ውስጥ፣ ከዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ነው። ቤታችን ከስሩ ተቆፍሮ በክሪክ ሲነሳ ከነልጆቼ ውስጡ ኖሬያለሁ። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ የእናቴ ቤትም መሰረቱ ታሞ ስለነበር፣ አንድ ጆሮዬ እዚህ፣ አንድ ጆሮዬ እዚያ ሆኖ ነው የከረምኩት። የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

የሁለቱም ቤት በሽታ አንድ ነው። ዋልካ አፈር። የአድአ ገበሬ ማኛ ጤፍና ሽምብራ የሚያመርትበት ያ ጥቁር አፈር። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ባለሙያዎች ቨርቲሶል ይሉታል። እንዲህ የሚሆነው ውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ውሃን በስስ ንጣፎቹ መሃል እየሳበ ስለሚይዝ ነው። ሀገራችን ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናል። ቴክሳስ ደግሞ ሂውስተን ብላክ የሚባለው ጥቁር አፈር መለያዋ ተደርጎ ይቆጠራል። የዳላስ ዙሪያ ድሮ የጥጥ እርሻ ነበር፤ ጥጡን ያበቀለው ይኸው አፈር ነው።

አዲስ አበባም ታሪኳ ተመሳሳይ ነው። ሰሜኑ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ ቀይ አፈርና ድንጋይ ይበዛዋል። ወደ ቦሌ፣ ወደ ለቡ፣ ወደ አቃቂ ሲወረድ ጥቁሩ ይመጣል። ትናንት ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ዛሬ ቪላና ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ለእህል የተመቸው አፈር ለቤት ጠላት ነው።

ልዩነቱ ወቅቱ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ የበጋው ሙቀት የሚከፋበት ጊዜ ነው። መሬቱ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ በመሃል ክፍተት ይታያል። ስለዚህ ሰው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጎማ በቤቱ ዙሪያ ዘርግቶ መሰረቱን ውሃ ያጠጣል። ዓላማው አፈሩን ማራስ ብቻ አይደለም፤ እርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንዲሆን ነው። ቤት የሚሰብረው መድረቁ ወይም መርጠቡ ሳይሆን መለዋወጡ ነው። ይህን በስልክ ስነግራት እናቴ ገረማት። "እኛ ውሃው አይግባብን እያልን እናለቅሳለን፣ አንተ ታጠጣለህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷ ዘንድ በዚያው ሐምሌ ዝናቡ ከጣራው ያለ አሸንዳ እየወረደ የግድግዳውን ስር ያቦካው ነበር።

ምልክቱ እዚህም እዚያም አንድ ነው። በር አልዘጋም ይላል። ከመስኮት ጥግ የተነሳ ስንጥቅ ወደ ኮርኒሱ ይጓዛል። ብሎኬቱ ወይም ጡቡ ደረጃ ደረጃ እየሰራ ይሰነጠቃል።

የእኛን ቤት ጥገና ላስረዳ። እዚህ አብዛኛው ቤት መሬት ላይ በፈሰሰ አንድ ወጥ ኮንክሪት ላይ ነው የቆመው። ጠርዙ ሲወርድ ከስሩ ምሰሶ ይገባለታል። በቤቱ ዙሪያ በየሁለት ሜትሩ ገደማ ጉድጓድ ይቆፈራል። አጫጭር ድቡልቡል የኮንክሪት ቁራጮች አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረደሩ በሃይድሮሊክ ክሪክ ወደ ታች ይነዳሉ። የሚገፋቸው የቤቱ የራሱ ክብደት ነው። አልሄድም ብለው ሲቆሙ ቤቱ በእነሱ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይነሳል። የወረደው የቤቱ መሃል ከሆነ ደግሞ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ሳሎኑን ሰብሮ ከላይ መቆፈር፣ ወይ ከውጭ ተነስቶ ሰው እየተሳበ የሚገባበት ዋሻ በቤቱ ስር ማውጣት። ዋሻው ይወደዳል። ግን ወለሉ አይሰበርም፤ አቧራውም ልጆች የሚተኙበት አይገባም። ልጆች ይዘን ስለምንኖርበት ዋሻውን መረጥን።

ሆቴል አልገባንም። የባንኩ ክፍያ እንዳለ ነው፣ ጥገናው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ በዚያ ላይ የሆቴል ከየት ይመጣል? የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የአፈር መንቀሳቀስን አይሸፍንም። ይህን ብዙ ወገን የሚያውቀው ከተሰነጠቀበት በኋላ ነው።

እና ኖርንበት። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግቢው በሸራ ላይ በተከመረ ጥቁር አፈር ተሞልቷል። ከመኝታ ቤቱ ወለል ስር የአካፋ ድምፅ ይሰማል። ሴት ልጄ ጆሮዋን ወለሉ ላይ ለጥፋ ታዳምጥ ነበር። ቆፋሪዎቹ አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ጎልማሶች ናቸው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጠባብ ቦታ፣ ተንበርክከው አፈር በባልዲ ያወጣሉ። ምሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከባለቤቱ የሚጠብቁት ነገር የለም። ባለቤቴ ግን አልቻለችም። ከስራችን ሰው እየቆፈረ እኛ ከላይ በዝምታ መብላት እንዴት ይሆናል? ምሳ ሰርታ አቀረበች። መጀመሪያ ተግደረደሩ፤ በኋላ ዶሮ ወጡን ለመዱት።

ክሪኩ የሚሠራበት ቀን ከባድ ነው። ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ አውርዱ፣ መስታወት ከግድግዳ አንሱ ይሉሃል። ቤቱ ሲነሳ ጣውላው ይንቋቋል። ለዓመታት አልዘጋ ያለው በር ሲገፉት ይዘጋል፤ ሲዘጋ የኖረው ደግሞ ይጠብቃል። አዳዲስ ስንጥቅ ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ቀለምና ልስን የሚነካው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቀጥሎ የቧንቧ ፍተሻ አለ። ቤት ሲንቀሳቀስ ከስር ያለው የፍሳሽ መስመር ሊሰበር ይችላል፤ በተለይ የድሮ ብረት ከሆነ። እስኪጣራ ሽንት ቤት መጠቀምም ችግር ነው። ያኔ ነው ወገን የሚታወቀው። ገላችንን የምንታጠበው የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻችን ቤት ነበር።

ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ግን አንድም ቀን አላንኳኩም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ሲያዩን እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እዚህ የሰው ግቢ ውስጥ ያለ ጣጣ የሰውየው ነው፤ መጠየቅ ራሱ ጣልቃ መግባት ይመስላቸዋል። ይህን ለዓመታት ባውቀውም፣ ቤቴ ከስሩ ተከፍቶ ሳለ ግን አመመኝ።

አሁን ወደ ቦሌ እንሂድ። የእናቴ ቤት በድንጋይ መሰረት ላይ የቆመ የብሎኬት ቤት ነው። ስንጥቁ ድንገት አልመጣም። ለፋሲካ ቤት ሲቀባ በስቱኮ ይደፈናል፤ ከክረምት በኋላ ይመለሳል። እንደገና ይደፈናል። በመጨረሻ የመኝታ ቤቱ ጥግ ሲወርድ በዓይን ታየ። የተወሰደው መፍትሔ በሀገራችን የተለመደው ነው። ግድግዳውን በባህር ዛፍ እንጨት ደግፎ፣ ከመሰረቱ ስር ቁራጭ ቁራጭ እየቆፈሩ፣ ኮንክሪት እየሞሉ መሄድ። አንዱ ቁራጭ ሳይደርቅ ጎኑ ያለው አይነካም። አንድ ወገን ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ግድግዳው ሊናድ ይችላልና ቸኩሎ የሚሠራ አይደለም።

እናቴ ሰርቪስ ቤት ገባች። ወሬው በሰፈሩ ከመሰማቱ ጎረቤት ሞላ። አንዷ የእንጀራውን ነገር ለእኔ ተዪው ብላ ሊጡን ይዛ ሄደች። ሌላዋ ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚቀመጥበት ክፍል ለቀቀች። የእድሩ ሽማግሌዎች መጥተው ቁፋሮውን አዩ፣ አስተያየት ሰጡ። ለሠራተኛ ምሳና ቡና የማይቀር ነው። እናቴ በስልክ ስታወራኝ ድምጿ የበዓል ሰሞን ድምፅ ነበር። የጎረቤት ፍቅር የቤት መታመምን ስጋት እንዴት እንደሚያቀልለው እኔ በሩቅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ጋርላንድ ላይ ያጣሁት ይህን ነው።

ግን ያስፈራኝም ይኸው ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ያያል። ልጆች በድጋፉ እንጨት መሃል ይሽሎከለካሉ። ቡናው የተፈላው ተደግፎ ከቆመው ግድግዳ ስር፣ ጥላ ስላለው። እናቴ ደግሞ ነጠላዋን፣ መድኃኒቷን፣ የጸሎት መጽሐፏን ልታመጣ በቀን ስንት ጊዜ ትገባለች። ፎርማኑ አስተዋይ ልጅ ነው። "እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በኩል አይገቡም፤ የሚፈልጉትን ለእኔ ይንገሩኝ" አላት። "ቤቴ አይደለም እንዴ?" ብላ ተቆጣች። እሱ ግን አልተበገረም። በስልክ ጠርቼ አመሰገንኩት። እዚህ ዳላስ ያንን ሥራ የሚሠራው ቢጫ ሪባንና ውል ነው፤ እዚያ በአንድ ሰው ህሊና ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፎርማኑ ሌላ ዓይነት ሰው ቢሆንስ? ቁፋሮው ከዋናው ግድግዳ ስር በሚገባባቸው ቀናት አረጋውያንና ልጆች ሌላ ቤት ማደር አለባቸው። በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ጎረቤቱ ያን ያህል ፍቅር ካለው፣ ቡናውን የሚያፈላበት የራሱ ግቢ አለው።

ይህን ስል የራሱ ቤት ስላለው ሰው ነው የማወራው። በቀበሌ ቤት የሚኖረው ብዙ ሕዝብ ዕድሉ ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ ተከራዩ ባለቤት አይደለም፤ ኪራዩም ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም። ግድግዳው ሲያዘነብል እያየ የኖረ ስንት ቤተሰብ አለ።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ቴክሳስ ውስጥ መሰረት ሲታመም የመጀመሪያው ምክር ከጠጋኙ ድርጅት ጋር ጥቅም የማይጋራ መሐንዲስ መቅጠር ነው። የወለሉን ከፍታ ክፍል በክፍል ለክቶ የት እንደወረደ በወረቀት ያስቀምጣል። ጠጋኙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ ሲሸጥ ደግሞ ሻጭ የሚያውቀውን የመሰረት ጥገና በሕጋዊ ቅጽ ላይ ለገዢ ማሳወቅ አለበት። እናቴ ቤት መሐንዲሱ የመጣው ከዓመታት ስቱኮ በኋላ ነው። መጥቶም የነገረን ቀላል ነገር ነበር። አሸንዳ የለም። የሴፕቲክ ታንኩ ለግድግዳው በጣም ቀርቧል። ባህር ዛፉ አፈሩን በበጋ ያደርቀዋል። በግድግዳው ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ወለል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ቀደም ብሎ ቢሠራ ወጪው ከቁፋሮው ጋር አይወዳደርም።

እኛ ዲያስፖራዎች እዚህ ላይ ድርሻ አለን። ሀገር ቤት ከሚሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ የእኛ ገንዘብ አለባቸው። የሚላክልን ፎቶ የምንድነው? የሴራሚክ፣ የኮርኒስ፣ የግቢ በር። የጉድጓዱን ፎቶ ላኩልኝ የሚል ሰው እምብዛም አላየሁም። ዋልካ ላይ ቤት ሲሠራ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ አውጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ መሙላት፣ ወይም እስከ ጠንካራው ድረስ ወርዶ ፉቲንጉን፣ ማለትም ቤቱን የሚሸከመውን የኮንክሪት እግር፣ ማሳረፍ የግድ ነው። ያ ሁሉ ብር ደግሞ ከአፈር ጋር ይቀበራል፤ አይታይም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። የተቀነሰው ብር ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ ከፋዮቹ እኛ አይደለንም። ሰርቪስ ቤት ገብተው አቧራ የሚበሉት እናቶቻችን ናቸው።

እህቴ ለቡ አካባቢ ቤት ልትጀምር ነው። ወንድሞቿ ከያለንበት ተነጋግረን የምናዋጣው የመጀመሪያው ገንዘብ ለአፈር ምርመራ እንዲሆን ወስነናል። ጉድጓዱ ሲቆፈር መሐንዲሱ ቆሞ ያያል፤ ስንት ሜትር ላይ ጠንካራ መሬት እንዳገኘ በጽሑፍ ይሰጠናል፤ ሰሌክቱ በየንብርብሩ ሲጠቀጠቅ ፎርማኑ ቪዲዮ ይልክልናል። እሷ የማድ ቤቱን ካቢኔ ቀለም መርጣ ልካልን ነበር። መልካም ቀለም ነው፤ ግን ከፉቲንጉ በኋላ እንነጋገርበታለን አልናት፤ እሺ ብላለች።