ዲሲ ነው የምኖረው

አሜሪካ ያለ የአገር ልጅ «ዲሲ ነው የምኖረው» ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ቤቱ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ሳይሆን ጎረቤት ግዛቶቹ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ነው። ይህን ማወቅ የሚበጀው ለሐሜት አይደለም፤ ለልቅሶ፣ ለክርስትናና ለሰርግ ሲጠሩ ላለመጥፋት ነው።

በሰውየው ላይ መፍረድ ግን ይከብዳል። እናቱ ለጎረቤት «ልጄ ዋሽንግተን ነው» ሲሉ ልጁ ዋይት ሀውስ ደጃፍ የተከራየ ይመስላል። እስቲ «ጌይተርስበርግ» ይበሉት! አሌክሳንድሪያ ነኝ ካላቸው ደግሞ «አሜሪካ ሄድኩ ብለኸኝ ግብፅ ምን ወሰደህ?» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ዉድብሪጅ ያለውም፣ ጀርመንታውን ያለውም ስልክ ላይ ሁሉም ዲሲ ነው።

ደግሞስ ይህን ማን አስተማረው? አሜሪካኖቹ ራሳቸው ናቸው። የዋሽንግተን የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጀምሮ ሲጫወት የኖረው ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ነው። በዋሽንግተን ስም የሚጠራው ደለስ ኤርፖርት ያለው ቨርጂኒያ ነው። ፔንታጎንም አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ተቀምጦ ፖስታው ላይ የሚያስጽፈው «ዋሽንግተን ዲሲ» ነው። መከላከያው እንዲህ ካደረገ የኡበር ሹፌር ምን ያድርግ?

የአሌክሳንድሪያው ሰው እንዲያውም ከሁሉ የተሻለ ሰበብ አለው። በ1790 በወጣው ሕግ መሠረት ለዋና ከተማው የተከለለው መሬት እያንዳንዱ ጎኑ 10 ማይል የሆነ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አዋጥተውበታል። በ1791 ከተማዋ ዋሽንግተን፣ ክልሉ ኮሎምቢያ ተባሉ፤ «ዲሲ» ማለትም «ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ» ነው። አሌክሳንድሪያም እዚያው ውስጥ ነበረች፤ ቨርጂኒያ ድርሻዋን መልሳ የወሰደችው ከ1846ቱ ሕግ በኋላ ነው። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ «ዲሲ ነኝ» የሚል ሰው አልዋሸም፤ 180 ዓመት ገደማ ዘግይቷል እንጂ። ቢዋሽስ? ስሙ ራሱ በ«ዋሽ» ይጀምራል።

ሌላዋ ዋሽንግተን ሲያትል ያለችበት ግዛት ናት። በ1853 ሰፋሪዎቹ የጠየቁት ስም ኮሎምቢያ ነበር። ኮንግረሱ «ከዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ጋር ይምታታል» ብሎ ተጨነቀና፣ እንዳይምታታ ሲል ዋሽንግተን አላት። የኮሚቴ ውሳኔ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ «ወንድሜ ዋሽንግተን አለ፣ ይቀበልሃል» ሲባል ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የትኛዋ እንደሆነች ይጠየቅ፤ በሁለቱ መሀል የአገሪቱ ሙሉ ወርድ አለ።

የዋና ከተማዋ ኗሪዎች ከተማቸውን «ዲሲ» ወይም «ዲስትሪክቱ» ነው የሚሏት። «ዋሽንግተን»ን ለመንግሥትና ለዜና ትተውላቸዋል። ዜናው «ዋሽንግተን አስጠነቀቀች» ሲል ያስጠነቀቀው እዚያ ያለው ሕዝብ አይደለም፤ ሕዝቡ ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥለት እንደራሴ እንኳ የለውም። ፕሬዚዳንት መምረጥ የተፈቀደለትም በ1961 በወጣ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ብሶቱን የሚናገረው በመኪናው ታርጋ ነው፦ ግብር ያለ ውክልና ይቁም። በነገራችን ላይ «ዲሲ ነኝ» ባይን ለማጣራት ከታርጋው የበለጠ ምስክር የለም። በየዓመቱ ስለ መኪና ግብር የሚያማርር ከሆነ ታርጋውንም ማየት አያስፈልግም፤ ቨርጂኒያ ነው።

እንግዳ በብዛት የሚጠፋው ግን ባቡር ላይ ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሲልቨር ላይን የሚባለው የሜትሮ መስመር ደለስ ድረስ ይመጣል። ዘመድ «ሲልቨር ስፕሪንግ ና» ብሏል፤ ባቡሩ ላይ «ሲልቨር» ተጽፏል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እንግዳው ሻንጣውን ጎትቶ ይገባል፣ የአውሮፕላኑ ድካም ያሸልበዋል፣ ሲነቃ ላርጎ ወይም ኒው ካሮልተን ነው። ሜሪላንድስ ደርሷል፤ የዘመዱ ሜሪላንድ ግን አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሬድ ላይን ላይ ነው። ስለዚህ ከደለስ መሀል ከተማ መጥቶ ሜትሮ ሴንተር መውረድ፣ ከዚያ ግሌንሞንት የሚለውን ሬድ ላይን መያዝ ነው። ሼዲ ግሮቭ የሚለውን ከያዘ መድረሻው አሁንም ሜሪላንድ፣ አሁንም ሌላ ሜሪላንድ ነው።

እውነተኛ የዲሲ ነዋሪ ከተገኘም ነገሩ አላለቀም። ከተማዋ ከኮንግረሱ ሕንፃ ከካፒቶል ተነስታ ለአራት ተከፍላለች፤ የመንገዶቹም ስም በየክፍሉ ይደጋገማል። «4ኛና ኢ መገናኛው ላይ ቆሜያለሁ» ያለ ሰው ኖርዝዌስት ይሁን ሳውዝኢስት ካልነገራችሁ፣ አራት ማዕዘን ላይ አራት ጊዜ ልትፈልጉት ነው። ቁጥር የያዙት ጎዳናዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ፊደል የያዙት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። ከፊደሎቹ መሀል ጄ የለችም። ገንዘብ ያበደራችሁት ሰው «ጄ ስትሪት ላይ እንገናኝ» ካለ፣ ሊከፍል አላሰበም።