እርማት፦ ትንሽ መሪ ፈጣን መሪ አይደለም
የተከበሩ ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለተሠራው ፎርድ ሙስታንግ መኪናዎ ትንሽ መሪ ቢገጥሙለት ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ጎማው ቶሎ እንደሚታዘዝልዎ ጽፈዋል። ይህ በደብረ ብርሃን ጋራዦችም የሚነገር፣ ነገር ግን የተሳሳተ እምነት ነው። የመሪው ክብ ቢጠብም ጎማውን ከጥግ እስከ ጥግ ለማዞር የሚያስፈልገው የዙር ብዛት አይለወጥም፤ የሚቀንሰው እጅዎ የሚጓዘው ርቀት ብቻ ሲሆን፣ ጉልበትዎን የሚያግዘው ስፋት ስለሚጠብ መሪው ይከብዳል፤ ሃይድሮሊክ ከሌለው ደግሞ መኪናውን ሲያቆሙ ክንድዎ ይመሰክራል።

ፍጥነቱን በዋናነት የሚወስነው በመሪው ዘንግ ጫፍ ያለው የጥርስ ሳጥን ነው። በዚያ ዘመን ሙስታንግ ላይ ተራው ሳጥን 19 ለ1፣ ፈጣኑ 16 ለ1 ነበር፤ ይኸውም በፈጣኑ ዘንጉ 16 ዲግሪ ሲዞር ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ 1 ዲግሪ ይዞራል ማለት ነው። ሼልቢ ጂቲ 350 በተባለው ለፍጥነት በተሻሻለው የ1965 ሙስታንግ ላይ ደግሞ ይህንኑ ክንድና በሌላው ጎን ያለውን አጋዥ ክንድ በማርዘም ምላሹን አፍጥነውታል። ሁለቱም ዘዴዎች ቢሆኑ መሪውን ማክበዳቸው አይቀርም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ቴስቲናዎቹን (የመሪውን ዘንጎች ከጎማው ጋር የሚያያይዙትን መገጣጠሚያዎች) እና የሳጥኑን ክፍተት ያስፈትሹ፤ በእኔ ግምት ዘገምተኛ ከሚባሉት አሮጌ መሪዎች ብዙዎቹ የላሉ ናቸው።