ክንዳቸው ለማይዝል እድምተኞች

ዛሬ የመጣሁት ምስጋና ላቀርብ ነው። ዕዳ አለብኝ።

ከመንዝ ሠርግ ተመልሼ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩ። ከ1,400 በላይ ናቸው። ስልክ ያልገባበት ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፣ አታምኑኝም። አንዱን ብቻ ልግለጽላችሁ። የሙሽራዋ ግንባር አለ። አገጯም አለ። መሀል ላይ ግን ፊቷ መሆን በነበረበት ቦታ የአንድ እድምተኛ ስልክ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳ ተስሏል። ጽጌረዳዋ እንዴት ጥርት ብላ ወጥታለች መሰላችሁ! ጠዛ ሳይቀር አላት። ካሜራዬ ምን ያድርግ፣ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ነው ፎከስ የሚያደርገው።

እና ክቡራን ባለስልኮች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዱሮ በገጠር ሠርግ አንድ ካሜራ ይመጣል። ሰዉ ተሰልፎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይነሳል። ከዚያ ወደ ጠላው ይመለሳል። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነበር! አሁን ሁሉም አንሺ ነው። ሠርገኛ ብቻ ነው የጠፋው።

የዚያን ቀን ከደብረ ብርሃን የተነሣነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ጥር ነው፣ ጥምቀት አልፏል፣ ጾም ሳይገባ ሁሉም ልጁን ለመዳር ይሯሯጣል። ውርጩ የመኪናውን መስታወት እንደ ስኳር ለብሶታል። ባትሪዎቼን እንደ ጫጩት በውስጥ ኪሴ አቅፌያቸው ነበር፣ ብርድ ባትሪ ይበላላ። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ሳንደርስ ወደ መንዝ ታጠፍን። ሲነጋ የድንጋይ ቤቶቹ፣ ካቡ፣ የገብሱ ክምር በስሱ ብርሃን ወርቅ መስለው ታዩኝ። ለፎቶ አንሺ እንዲህ ያለ ጠዋት ሎተሪ ነው። የዋህ ነኝ፣ ዛሬስ ቀናኝ አልኩ።

ለካ ባለታብሌቱ ቀድሞኝ ደርሷል።

ባለታብሌቱን ታውቁታላችሁ። በየሠርጉ አንድ አለ። የሙሽራዋ አጎት ወይም የአጎት ልጅ፣ ብቻ ከከተማ የመጣ ዘመድ ነው። ሰማያዊ ሱፍ ለብሷል። ሰፌድ የሚያህል ታብሌት በሁለት እጁ ይዟል። ውጭ አገር ላለች ታላቅ እህቱ ሠርጉን በኢሞ በቀጥታ እያስተላለፈ ነው። «እትዬ! ይታይሻል? እትዬ!» ከጠዋት እስከ ማታ ከአፉ የወጣው ይሄው ነው። እሷም መለሰች መሰለኝ፣ ግን ከ«ሃ...ሃ...» በላይ አልተሰማም።

ወደ 6 ሰዓት ገደማ የወንዱ ሠርገኞች መጡ። የሴቷ ወገኖች በሩን ዘግተው መዝፈን ጀመሩ። ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ልጃገረዶቹ አሻፈረኝ ይላሉ፣ ከበሮው ይደለቃል። ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ይሄ ነው። አንድ ጉልበቴን መሬት ላይ አድርጌ አነጣጠርኩ። ባለታብሌቱ እጁን አነሣ።

«አንዴ ቁሙ! ኔትወርኩ ሄደ!»

ቆሙ። እውነቴን ነው፣ ቆሙ። ዘፈኑ ከመሀሉ ተቆረጠ። ከበሮ መቺዋ እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ሙሽራው የሚስቁለት ይሁን የሚስቁበት ግራ ገብቶት ቆመ። አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ለነፍሱ ብሎ «ኔትወርክ ያለው እዚያ ካቡ ላይ ነው» አለ። ባለታብሌቱ ሱፉን ሰብስቦ ካቡ ላይ ወጣ። ታብሌቱን ሽቅብ ዘረጋ። ጥቂት ዞር ዞር አለና ፊቱ በራ።

«እዚህ ይሠራል! ሙሽሮቹን ወደዚህ አምጧቸው!»

አመጧቸዋ! ሙሽራዋ የቬሎዋን ጫፍ ሰብስባ በታጨደው ማሳ ላይ ተሻገረች። ቬሎው የገብስ ቃርሚያ ሁሉ ለቀመ። ሁለት ጎረምሶች ለሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ተከተሉ። የንስሐ አባት ጥላቸውን ይዘው ተከተሉ። አንድ በግ ሳይቀር ተከተለ። ጉልበት መሳሙና ምርቃቱ ዳስ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ካብ ሥር ሆነ፣ ኔትወርክ ያለው እዚያ ነውና።

ሽማግሌው ባናቸውን አስተካክለው መረቁ። ውለዱ ክበዱ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ ጠላታችሁ ይፈር። እኛም «አሜን» አልን። ባለታብሌቱ ከላይ ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ እባክዎ ይድገሙልን። እትዬ አልሰማችም።»

«ኧረ ልጄ፣ እግዜር እኮ ሰምቷል።»

«እሱማ ሰምቷል አባባ፣ እትዬ ናት ያልሰማችው።»

ደገሙ። አሁንም ተቆራረጠ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቁ አዛውንቱ በረጅሙ ተነፈሱና «እንደ ቅድሙ ይሁንላችሁ» ብለው ተቀመጡ። አሳጥሮ መመረቅ እንደሚቻል ያን ቀን ተማርኩ።

በዚህ መሀል ከፍ ያለ ቦታ ብፈልግ ካቡ ላይ ከባለታብሌቱ ጀርባ ወጣሁ። ስክሪኑን አየሁት። እትዬ የለችም። የሚታየው ኮርኒስ ነው። ነጭ ኮርኒስ፣ መሀሉ ላይ አንዲት አምፖል። ምስኪኗ ስልኳን የሆነ ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ሥራዋን እየሠራች ነው። ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው። ወንድሟ ግን አሁንም «ይታይሻል?» ይላታል። አንድ የመንዝ ሠርግ፣ ከነሽማግሌው ከነበጉ፣ ለአንድ ኮርኒስ በቀጥታ ተላለፈ። ኮርኒሱ ምን እንደተሰማው አላውቅም። አምፖሏ ግን አንድ ጊዜ ብልጭ ያለች መሰለኝ።

ሌሎቻችሁንም አልረሳሁም። ድፎ ዳቦው ሊቆረስ ቢላው ሲነሣ በቆራሹ ብብት ሥር ስልክ ያስገባኸው ጎበዝ፣ ተባረክ። ሥጋውን ከስምንት አቅጣጫ ሳታነሺ ሰው እንዳይቆርስ የከለከልሽው እህቴ፣ ወጡ በረደ እንጂ ፎቶው ያምር ነበር። «ወንድሜ ዝቅ በል፣ ከለልከኝ እኮ!» ብለህ የተቆጣኸኝም አለህ። ልክ ነህ። ተከፍሎኝ መምጣቴ የእኔ ድፍረት ነው።

አመሻሽ ላይ ወደ ዳሱ ገባን። ሰማያዊ ሸራ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ባሕር ውስጥ የገባ ይመስላል። ያን ሰማያዊ ቀለም በካሜራዬ የምታገለው እኔ ነኝ። ድንገት የሁሉም ስልክ መብራት አንድ ላይ ቦግ አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ነው ከተማችንን ደብረ ብርሃን ያሏት ይባላል። ያን ማታ ዳሱ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ከተማ ይቆረቁሩ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ፣ እሱን ማሞገስ አልቻልኩም።

ካቡ ሥር ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ልትስም ስትጎነበስ ከአሥር በላይ ስልክ በላያቸው ላይ ወረደ። እናትየው እጃቸውን የልጃቸው ራስ ላይ አድርገው ነበር። መዳፋቸው ተሰነጣጥቋል፣ ጥፍራቸው ሥር የሠርጉ በርበሬ ገና አለቀቀም። ቀና ሲሉ የሚያዩት የስልክ ጀርባ ብቻ ሆነ። «ዘወር በሉልኝ፣ ልጄን ልያት» አሉ። ማንም አልሰማም። ሁለተኛ አሉ። አንዲቷ «እማማ፣ ወደዚህ ይዩ!» አለቻቸው። ያኔ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱና እዚያው ውስጥ አለቀሱ። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? ያቺን ልጅ አዝለው ያሳደጉ እናት ናቸው። ነገ ሌላ ቤት ትሄዳለች። አንዲት ደቂቃ ነው የለመኑት! ስልክ ዝቅ ማድረግ ስንት ኪሎ ይከብዳል? እኔም ከመካከላቸው ነበርኩ። ካሜራዬን አወረድኩት፣ ግን ያወረድኩት ሦስት ጊዜ ከተጫንኩ በኋላ ነው። እነዚያን ሦስቱን እስካሁን አልከፈትኳቸውም።

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ትናንት ማታ ስልክ ተደወለልኝ። ባለታብሌቱ ነው። ለካ ቅጂው አልተቀመጠም፣ ታብሌቱ ሞልቶ ኖሯል። «ወንድሜ፣ እስቲ ያነሳኸው ካለ በቴሌግራም ላክልኝ። እትዬ ምንም አላየሁም ብላ ተቀይማለች።» አሳዘነኝ። ሰባት ፎቶ መርጬ ላኩለት። በሰባቱም ላይ አለ፤ ታብሌቱ ሽቅብ፣ ሱፉ ላይ ጭድ፣ ከኋላው ከማዶ ሙሽሮቹ እንደ ጥላ ድብዝዝ ብለው።

ደቂቃ አልቆየም፣ መለሰልኝ።

«ካቡ ላይ ያለሁባት አሪፍ ናት። ፕሮፋይል አድርጌያታለሁ።»