የፑንታ ያለህ!

ባሕር ዳር ውስጥ ትራፓኖ፣ ማለትም የመብሻ ማሽን፣ ያለው አባወራ ሞልቷል። ትራፓኖው ጫፍ ላይ ገብታ የምትበሳው ብረት፣ 8 ቁጥር ፑንታው፣ የት እንዳለች የሚያውቅ አባወራም አይጠፋም ይሆናል። ማን እንደሆነ ግን ጎረቤቶቹ አይነግሯችሁም። ለራሳቸው ይፈልጉታል።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በመጋረጃ ይጀምራል። ለበዓል አዲስ መጋረጃ ተገዝቷል። ብሎኬቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበቃል። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው፤ ፍለጋው ግን ከቁርስ በኋላ ተጀምሮ በረካ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ትራፓኖው ይገኛል፤ ትልቅ ስለሆነ መደበቅ አይችልም። ከዚያ ፑንታው ይጠፋል። ፑንታው ሲገኝ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፊሸር ይጠፋል። ፊሸሩ ሲገኝ መብራት ይጠፋል።

መብራት እስኪመጣ አባወራው ብልሃት ያወጣል። 8 ከጠፋ በ10 ይበሳል፣ ምን ችግር አለው? ችግር አለው። ፊሸር ላይ የተጻፈው ቁጥር ለጌጥ አይደለም፤ 8 ፊሸር 8 ቀዳዳ ይፈልጋል። ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ይህችን የፕላስቲክ ነገር በ1958 እ.ኤ.አ. ሲያወጣት፣ ብሎኑ ሲገባ አብጣ ግድግዳውን ሰቅዛ እንድትይዝ ብሎ ነው። ቀዳዳው ከሰፋ የምትይዘው የላትም። ደግነቱ እኛ ዘንድ ክብሪት አለ። ሁለት የክብሪት እንጨት ጎን ጎኗ ይወተፋል፣ መጋረጃው ይሰቀላል። እስከ በዓሉ ማግስትም ይቆያል።

ቤት ውስጥ ዕቃ ማደራጀት ሲባል በእኛ አገር ከሁሉ የሚቀድመው የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ወተቱን የጠጣው ልጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ጣሳው ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ውስጡ ብሎን አለ፣ ዳዶ አለ፣ ሮንዴላ አለ። የተቃጠለ ፊውዝ አለ። የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ አለ። ከተሸጠ ብስክሌት የተረፈ ኩሽኔታም አይጠፋም። ባለቤቱ ጣሳውን አንስቶ ያንቀጫቅጨዋል። «አለ፣ ድምፁ ይሰማኛል» ይላል። ከዚያ ሁሉንም ጋዜጣ ላይ ይዘረግፈዋል። አምና ሲፈልገው የነበረውን ዛሬ ያገኘዋል። የዛሬውን ለከርሞ።

ቀጥሎ ሃይላንድ አለ። ከወገቡ ተቆርጦ ምስማር ይይዛል። ውስጡ ያለው ስለሚታይ በእኔ ግምት ከጣሳ ይሻላል። ጉዳቱ ድመት ስታልፍ መገልበጡ ነው። ሦስተኛው ሙዳይ ነው፤ የሚስት ሙዳይ። የወርቅ ጉትቻ የነበረበት ሙዳይ ውስጥ ሮንዴላ የተገኘ ቀን ግን የሚነሳውን ጠብ የሚፈታው ሽማግሌ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ግቢ ውስጥ ወጥ ቤት አለ። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ አብሹ፣ በሶብላው፣ ሁሉም በየብልቃጡ ተሰድሯል። አንዱም ላይ ስም አልተጻፈም። መብራት በጠፋበት ማታ ሴትየዋ እጇን ሰደድ አድርጋ መከለሻውን ታነሳለች። ተሳስታ አታውቅም። «ዕቃ ቤቱንም አንድ ጊዜ አይተሽ ብታስተካክይልኝ» የሚል አባወራ ግን አልሰማሁም። ዕቃ ቤቱ የወንድ ነዋ!

ጣሳ ሌላም ጣጣ አለው። የብረት፣ የግድግዳና የእንጨት ፑንታ አንድ ላይ ይንጋጋሉ። የግድግዳው ጫፉ ላይ ትንሽ የካርባይድ ቁራጭ አለችው፤ ብሎኬቱን የምትበላው እሷ ናት። የእንጨቱ መሃሉ ላይ ሹል አፍንጫ አለው። እርስ በርስ ሲፋጩ ስለታቸው ይሞታል። ሰውየው ደግሞ ከጣሳው ውስጥ እጁ የገባለትን ያወጣል። በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል። ጭስ ይወጣል። «የቻይና ዕቃ!» ይላል። ቻይና ምን አደረገች? የብረቱን ፑንታ ብሎኬት ላይ የደገነው ማን ሆነና?

ጣናም አይረዳንም። ሐይቁ ለዓይን ውበት ነው፣ ለብረት ጠላት። በተለይ ሽምብጥ ሰፈር ዳር ዳሩን የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ይከርማል። መስከረም ላይ ሲከፈት ፑንታው ሁሉ አደይ አበባ መስሎ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ክረምቱ ሳይገባ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጎ ማበስ ነው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣውንም እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሳይጥሉ አብሮ መክተት ነው። እኛ ግን ከረጢቷን እንጥልና ካርቶኑን እናስቀምጣለን።

በሰፈራችን አንድ ጡረተኛ አሉ። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። እሳቸው ጣሳ የሚባል አያውቁም። የባሕር ዛፍ ጉማጅ አጋድመው ከ3 እስከ 13 ቁጥር በተርታ በስተውታል። እያንዳንዱ ፑንታ ራሱ በበሳው ቀዳዳ ውስጥ ይቆማል። ግድግዳው ላይ ኮምፔንሳቶ ሰቅለው የየመሣሪያውን ቅርጽ በቀለም ስለውበታል። ፒንሳው ከቦታው ከጠፋ ሥዕሉ ያሳብቃል።

ምን ዋጋ አለው፣ ቤታቸው የሕዝብ ሆነ። ገና በጠዋቱ ሕፃን ልጅ በር ያንኳኳል።

«ጋሼ፣ አባዬ ሰላም ብሎዎታል። 8 ቁጥር ፑንታ ያውሱን ብሏል። ከግራ ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ናት ብሏል።»

ምን ይበሉ? «የለችኝም» እንዳይሉ ልጁ ከበሩ ላይ ሆኖ እያያት ነው። ጣሳ ያለው ሰው «ቆይ ልፈልግ» ብሎ ገብቶ፣ ትንሽ አንቀጫቅጮ፣ «ጠፋች እኮ!» ይላል። ማንም አይቀየመውም። ሥርዓት ያለው ሰው ይህ ዕድል የለውም። 10 ቁልፍማ አይነሳ። ባለ 6 ሚሊ ብሎን የሚፈታው በ10 ቁልፍ ነው፤ ባለ 6 ሚሊ ብሎን የሌለበት ማሽን ደግሞ ፈልጋችሁ አምጡ። ስለዚህ ኮምፔንሳቶው ላይ ያለው የ10 ቁልፍ ሥዕል ብቻ ነው።

ሰውየው ቢቸግራቸው የውሰት ደብተር አወጡ። ሰፈሩ አኮረፈ። «በፑንታ ያስፈርሙን ጀመር?» ተባለ። ይሄው ሰፈር እኮ ከእድር ዕቃ ሲያወጣ ማንኪያ ሳይቀር ተቆጥሮ ይፈርማል። ጭልፋ ከጎደለ ይቀጣል። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳህን ሲቆጠርበት ቅር አይለውም። ፑንታ ሲሆን ግን ክብር ይነካል።

እሳቸውም ጉዳዩን ለእድሩ ስብሰባ አቀረቡት። ሰፈሩ የጋራ የመሣሪያ ሳጥን ይኑረው አሉ። በጭብጨባ ጸደቀ። ኮሚቴ ተመረጠ፤ ኮሚቴውን የሚከታተል ኮሚቴም ተመረጠ። አንዱ ተነስቶ «ፑንታ የወሰደ አባል ቢሞት ማን ይመልሳል?» አለ። እድር ነውና ጥያቄው ቦታው ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ትራፓኖ የሌለው ደግሞ መዋጮ እንዲቀነስለት ጠየቀ። በመጨረሻ እያንዳንዱ አባል ቤቱ የተረፈውን ፑንታ እንዲያዋጣ ተወሰነ።

እሑድ ከጊዮርጊስ መልስ ሰዉ ሁሉ ይዞ መጣ። የዶለዶመ፣ የተሰበረ፣ የጎበጠ። ጡረተኛው በቀይ ቀለም ምልክት ያደረጉባቸውን የራሳቸውን ፑንታዎች በየሰዉ እጅ ላይ አዩአቸው። አንዱ እንዲያውም «ከልቤ ነው የምሰጠው» ብሎ ንግግር አደረገ። ጋሼም አጨበጨቡ።

የንብረት ክፍሉ ሹም በየቁጥሩ ሊመዘግብ ጀምሮ ተወው። ከጭልፋው ዝርዝር ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ልዩ ልዩ ብረታ ብረት፣ 1 ጣሳ፣ ክዳን የሌለው።» አስፈረመ፣ ማኅተም መታበት።